«ቀሪ» የተባልኩ ቀን

በ1997 ዓ.ም. ኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ጭንቅላቴ ላይ ፀጉር ነበረ። ዕጣው ሲወጣልኝ የቀረው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ቢሆንም አልከፋኝም። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ የራሴ በር፣ የራሴ ቆጣሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሴ ሽንት ቤት! የዚህን የመጨረሻውን ክብር የሚያውቀው ዕድሜውን ሁሉ ቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ነው።

በድሮው ግቢያችን ሰባት አባወራ ነበርን። ቧንቧው የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ። የግል ጉዳይ የሚባለው ነገር ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የጋራ ነበር። ምን ወጥ እንደሠራሁ ግቢው የሚያውቀው ገና ሽንኩርቱን ስከትፍ ነው። ማታ አምሽቼ የቆርቆሮውን በር እንዳይጮህ በጣቴ ጫፍ ገፋ ሳደርገው፣ ከጨለማው ውስጥ የእትዬ ድምፅ ይመጣል።

«ዛሬስ አመሸህ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው እትዬ።»

«ጫማህ ግን ጭቃ ነክቶታል። በየት በኩል ነው የመጣኸው?»

በጨለማ! መብራት ጠፍቶ! እትዬ መርማሪ ሆነው ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ ጡረታ ሲወጡ ኒሻን ይሸለሙ ነበር። ስለዚህ ዕቃዬን አይሱዙ ላይ ጭኜ ከዚያ ሰፈር ስወጣ፣ እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ እኔ በልቤ «ከእንግዲህ የትም ባመሽ ማን ጠያቂ አለብኝ!» እል ነበር።

እንደተመኘሁትም ሆነልኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ንጉሥ ኖርኩ። ደረጃ ላይ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችንን እናወጣለን። ስልኩ ባይጠራም «ሃሎ» እንላለን። ጎረቤቶቼን በስም ሳይሆን በጫማ ነበር የማውቃቸው። ፊት ለፊቴ «ቡናማ ሸበጥ» ይኖራል። ከጎኑ «ሁለት የተማሪ ጫማና አንድ ታኮ» አሉ። ከሥሬ ያለው ቤት ደግሞ «ቦት ጫማ» ነው፤ ምናልባት ወታደር፣ ምናልባት ግንበኛ፣ ምናልባትም ጭቃ የሚፈራ ሰው።

ሕዝቡ አንድ ላይ የሚታየው ውሃ ሲመጣ ብቻ ነበር። የእኛ ሰፈር ውሃ እንደ ሌባ ሌሊት ነው የሚመጣው። አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ደግሞ እሱም እንደኔ ጉልበቱን ያመዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱ «መጣ!» ሲል፣ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሁሉ በፒጃማና በጋቢ ወደ ምድር ይወርዳል። «ቡናማ ሸበጥ» መነጽር የሚያደርጉ አዛውንት መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ ግን ጀሪካኔን ሞልቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ነፃነቴ እመለስ ነበር።

ነፃነቴ እስከታመምኩበት ቀን ድረስ ዘለቀ።

ክፉ በሽታ አልነበረም፤ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ግን ብቻውን የተኛ ሰው ሲያገኝ ይጀግናል። ሦስት ቀን ጣለኝ። በቀበሌው ቤት ቢሆን ሁለተኛው ሳል ላይ ዳማከሴ፣ ሦስተኛው ላይ ፌጦ፣ አራተኛው ላይ ጠበል ይመጣ ነበር። እዚህ ዳማከሴው ቀርቶ «ይማርህ» የሚል አልተገኘም። ስልኬ ላይ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ጓደኞች አሉኝ። የሙቀት መለኪያዬን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። አርባ ሦስት ሰው አዘነልኝ፣ ስድስቱ የሚያለቅስ ፊት ላኩ፣ አንዱ «ቤቱን ለማከራየት አስበሃል?» ብሎ ጠየቀ። ሻይ ያፈላልኝ ግን አልነበረም።

በአራተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ግድግዳ ይዤ ሄጄ ከፈትኩ። የጥበቃ መዋጮ የሚሰበስበው ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ የሁለት ወር አለብዎት» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አሞዎታል እንዴ?»

ልጁ ደረጃውን ወረደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ፣ ያንን ሁሉ ደረጃ በምርኩዝ ወጥተው፣ የአጃ ሾርባ የያዘች የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ደጄ ላይ ቆሙ። «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

«ሰው ታሞ እንዴት ዝም ይላል? አንተ ልጅ፣ ብትሞትስ?»

«እማማ፣ ጉንፋን እኮ ነው…»

«እሱን አልጠየቅሁህም። እድር ገብተሃል?»

«አልገባሁም።»

እማማ የልጅ ልጃቸውን አዩዋት፤ ልጅቷም ሾርባውን አየችው። ሾርባው መልሶ ደረጃ የሚወርድ መሰለኝ።

«እድር ሳይገባ ይታመማል!» አሉ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መኪና ሲነዳ እንደተያዘ ሰው እያዩኝ።

ከተሻለኝ በኋላ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ወደ ኮሚናል ሄድኩ። ኮሚናል ማለት በግ ይታረድበት፣ እንጀራ ይጋገርበት፣ ልብስ ይታጠብበት ተብሎ ለብሎኮቹ በጋራ የተሠራው ቤት ነው። የእኛው የእድር ዕቃ ቤትም፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽም ሆኗል። ሊቀመንበሩ «ቡናማ ሸበጥ» ሆነው ተገኙ። «ቦት ጫማ» ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ወታደርም ግንበኛም አይደለም፣ የሒሳብ መምህር ነው። ጭቃ የሚፈራው እሱ ነበር።

የመግቢያውን ክፍያ ስሰማ ደንግጬ «ምነው በዛ?» አልኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«የምትገባው እኮ ባዶ ቤት አይደለም። ድንኳን አለን። መቶ ሃያ ወንበር አለን። ብረት ድስት፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ጀበና አለን። ይህ ሁሉ ከየአባሉ ኪስ ወጥቶ ነው የተገዛው። አንተም የድርሻህን ከፍለህ ባለቤት ትሆናለህ።»

ከፈልኩ። ከመቶ ሃያው ወንበር አንዱ የኔ መሆኑን ሳስብ፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በጣም ጓጓሁ።

እድር ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ያጠኑት ሰዎች የሚነግሩን ግን ሌላ ነው፤ ያደገው ከተማ ውስጥ፣ በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ባለፈው መቶ ዓመት ነው። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ተስፋፋ። ምክንያቱ አይከብድም። ገጠር ያለ ሰው እርሻው በደቦና በወንፈል ይታረስለታል፣ ሲሞትም ዘመዶቹ ይቀብሩታል። ከተማ የገባው ሸማኔ፣ ተሸካሚ፣ ወታደር፣ ጠጅ ጣይ ግን ዘመዱ የብዙ ቀን መንገድ ርቆታል። ሞት ደግሞ ዘመድ እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ተሰብስበው፣ መዝገብ ከፍተው፣ በወር መዋጮ ዘመድ ሆኑ። ዘር ሳይቆጥሩ ብር ቆጥረው የተዛመዱ ሰዎች ናቸው። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት በገባበት ዘመን ደግሞ ብዙ እድሮች «እኛ የተቋቋምነው ለቀብር ብቻ ነው» ማለቱን ትተው፣ የታመመ መጠየቅና ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀመሩ። ለሞት የተቋቋመው ነገር ለኑሮ ዋለ።

ታሪኩ እንዲህ ትልቅ ነው፤ ስብሰባው ግን እንዲህ አይምሰላችሁ። የመጀመሪያው ስብሰባዬ አጀንዳ አንድ የጠፋ ጭልፋ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጭልፋው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በማን ተዝካር ነው? ማን ፈረመ? የፈረመው ሰው የፈረመው ለጭልፋ ነው ወይስ ለማማሰያ? በዚህ መካከል ሁለት ሰዎች ተኳረፉ፣ ሦስተኛው አስታረቃቸው፣ አራተኛው «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ በመጮሁ ሥነ ሥርዓት በመጣስ 10 ብር ተቀጣ።

ሁለተኛው አጀንዳ ቴሌግራም ነበር። በድሮው ሰፈር ጥሩንባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየደጁ እየዞረ ይለፍፍ ነበር፤ እዚህ ግን የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ባለፈው ወር ጸሐፊው «የአባላችን ወላጅ እናት ስላረፉ 3 ሰዓት ላይ እንድትገኙ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንድ አባል ከሥሩ አውራ ጣቱን አቁሞ መለሰ። ልጁ «ሰምቻለሁ ለማለት ነው» ብሎ ምሎ ተገዘተ። ከብዙ ክርክር በኋላ ከእንግዲህ በኀዘን መልእክት ሥር ጣት ማቆም 20 ብር እንዲያስቀጣ ተወሰነ። በጥሩንባ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። ለጥሩንባ ላይክ አይደረግም።

ሦስተኛው አጀንዳ ተከራይ እድር ይግባ ወይስ አይግባ የሚል ነበር። ከብሎካችን ግማሹ ያህል ተከራይ ነው። አንዱ አባል ተነስቶ «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» አለ። እማማ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው፣ «ባለቤቱስ?» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። «ዛሬ አለ፣ ነገ የለም የተባለው ለሰው ሁሉ እኮ ነው። እድር የያዝነው ለምን ሆነና!» ድምፅ ሳይሰጥ አለፈ፤ ተከራዩም ገባ።

በዚያ ሰሞን ጋዜጣ አንብቤ ለሊቀመንበሩ አንድ ወሬ ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እንግሊዞች እኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾመዋል። ጃፓኖችም በ2021 ተከተሉ።»

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡ።

«ሚኒስትሩ ቀሪ የሚመዘግብ ጸሐፊ አለው?»

«ምን ዓይነት ቀሪ?»

«ስም ጠርቶ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚጽፍ። ያ ከሌለው ሰውየው ብቸኛ መሆኑን በምን ያውቃል?»

ሳቅሁ። ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩ አላስተኛኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣውን ሪፖርት አነበብኩት። በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል ይላል፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሞት በዓመት ከ871,000 በላይ ይገመታል። እስከዚህ ድረስ «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብዬ ጋቢዬን ልከናነብ ነበር። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ጋቢውን ገፈፈኝ። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ብቸኝነት የሚሰማው ሰው 11 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ግን 24 በመቶ ገደማ ነው። እጥፍ! ይባስ ብሎ ደግሞ ከፍተኛው ቁጥር የተገኘው አሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉ ልጆች ዘንድ ነው። እኔ ብቸኝነት በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎችን ብቻ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትምህርት ቤትም ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሬን በሊቀመንበሩ መነጽር ማየት ጀመርኩ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ?

ከልጆቹ ልጀምር። የብሎካችን ልጆች ፎቅ፣ ባለቤት፣ ተከራይ የሚባል ነገር አያውቁም። ማታ 11 ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ወደ ሦስተኛ ፎቅ «ውረድ! በረኛ የለንም!» ብለው ይጮኻሉ። ያ ልጅ ካልወረደ ጨዋታው አይጀመርም። በረኛነቱ ይህን ያህል የሚያስጠራው እንዳይመስላችሁ፤ ወንፊት ነው። ግን አንድ ሰው ይጎድላል። የሰባት ዓመት ልጅ «አንተ ከሌለህ አንጀምርም» የሚል ድምፅ በመስኮቱ ሲገባለት፣ የትኛውም ስልክ የማይሰጠውን ነገር ያገኛል። እማማም የየትኛውንም ቤት ልጅ «ና እስቲ አንተ!» ብለው ሽንኩርት ያስገዙታል። ልጁ መልስ መቁጠርን፣ እሺ ማለትንና ሳንቲም መደበቅን የሚማረው እዚያ ነው።

ጎረምሶቹ ደግሞ ምሽት ላይ ደረጃው ሥር ይቀመጣሉ። በአዘቦት ቀን ስማቸው «እነዚህ ሥራ ፈቶች» ነው። ለቅሶ በተሰማ ቀን ግን ስማቸው በአንድ ሌሊት «ልጆቻችን» ይሆናል። ድንኳኑን የሚተክል ማን ነው? ወንበሩን የሚሸከም፣ ሌሊቱን ከኀዘንተኛ ጋር የሚያድር፣ አስከሬኑን ከአራተኛ ፎቅ በዚያ ጠባብ ደረጃ የሚያወርድ ማን ነው? አንድ ቀን ድንኳን ሲተከል አንዱ ዘግይቶ መጣና ጓደኞቹ «የአንተን ምሰሶ ማን ሊይዝልህ ነው?» ብለው ወረዱበት። ልጁ ተቆጥቶ ሮጠ፤ ምሰሶውን ሲይዝ ግን ፊቱን አየሁት፤ ደስ ብሎታል። የእሱ የሚባል ምሰሶ አለው።

ጎልማሳ ሲኮን ነው ነገሩ የሚከፋው። ልጅ «አልተጫወትኩም» ብሎ ያለቅሳል፣ ሽማግሌ «የሚጠይቀኝ አጣሁ» ብሎ ያማርራል። ጎልማሳ ግን «ጊዜ የለኝም» ይላል፣ በኩራት። አሜሪካ ያለ ጓደኛዬን ስለ ጎረቤቶቹ ብጠይቀው፣ «አሥር ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ጊዜ ተያይተናል፤ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሁላችንም በፒጃማ የወጣን ቀን» አለኝ። የእኛ ጀሪካን ትዝ አለኝ። እነሱም እዚያ ብቸኝነቱን አልቻሉትም፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ሀበሾች እድር አቋቁመዋል።

እማማን ደግሞ ተመልከቱ። ጠዋት በርጩማቸውን ደጃቸው ላይ ያወጣሉ፣ ማታ ያስገባሉ። በመሐል የገባና የወጣ ሁሉ ያለፈቃዳቸው አያልፍም። ጥበቃው እንኳ እንግዳ ሲመጣ ዓይናቸውን ያያል። ከሰዓት በኋላ ቡናው ይፈላል፤ አቦሉ ላይ የታመመ ይቆጠራል፣ ቶናው ላይ የተጣላ ይታረቃል፣ በረካው ላይ እኔ መቼ እንደማገባ ይመከራል። አንድ ጠዋት በርጩማው አልወጣም። ገና 2 ሰዓት ከሩብ ሳይሆን አምስት ሰው በራቸውን አንኳኳ። እማማ ልጃቸው ዘንድ አድረው ኖሯል። ሲመለሱ «ደህና ነኝ፣ ምን ሆናችሁ!» እያሉ ተቆጡ፣ ግን ወሬውን ሳምንት ሙሉ ለመጣው ሁሉ ደጋግመው አወሩት። «አምስት ሰው!» እያሉ።

አልዋሻችሁም፤ ሰፈር ፍቅር ብቻ አይደለም። ሰፈር ማለት ሐሜትም ነው። ደሞዝህን የሚገምት፣ እንግዳህን የሚቆጥር፣ በግ ስትገዛ ጥርሱን ገልጦ የሚያይ ሕዝብ ነው። ነፃነቴ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ግን የሚያስተውልህ ሰው ይኑር፣ ነገር ግን አይነካካህ ማለት አይቻልም፤ ዓይን ሲሰጡህ አፍም አብሮ ይመጣል።

በሁለተኛው ወር፣ በእድሩ ስብሰባ እሑድ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። በሬ በጡጫ ሲደበደብ ባነንኩ። ያ ወንፊቱ በረኛ ነው፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ጋሼ! እማማ ‹ሞተሃል ወይ?› ብለዋል!»

«አልሞትኩም በላቸው።»

ልጁ ወደ ደረጃው መስኮት ዞሮ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦ «አልሞተምምም!»

ከታች ኮሚናሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁም በላይ የጸሐፊው ድምፅ። «ካልሞተ፣ ቀሪ! 50 ብር!»

አልጋዬ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ስሜ ተጠርቶ፣ አለመኖሬ ታውቆ፣ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎብኛል። ያን ጊዜ የድሮዋ እትዬ ትዝ አሉኝ። «ዛሬስ አመሸህ» ሲሉኝ እኮ ስም እየጠሩ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ መዝገብ፣ ያለ ደሞዝ ጸሐፊዬ ነበሩ።

ደወልኩላቸው። ሰፈሩ ፈርሶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ እሳቸው ኮዬ ፈጬ ደርሷቸዋል። እድሩ ግን አልፈረሰም። በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው ይሰበሰባሉ። ስልኩን እንዳነሱ ሰላም እንኳን አላሉኝም።

«ዓመት ሙሉ የት አመሸህ?»

ቅጣቴን ከፈልኩ። ደረሰኙ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል። የእድራችን ቀጣይ ስብሰባ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ኮሚናል ውስጥ ነው። አምስት ደቂቃ ያረፈደ 10 ብር፣ የቀረ 50 ብር ይቀጣል። ጭልፋው እስካሁን አልተገኘም።